አንገቱን ሲያዘነብል

ሐኪሟ ብዕሯን ወረቀቱ ላይ ሳታሳርፍ ክዳኑን ገጠመችበት።

«አልፈርምም።»

አይደክሜ ቀልድ መሰለው። የመመርመሪያው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን እንደ ልጅ እያወዛወዘ የሸሚዙን ቁልፎች ይቆልፍ ነበር። ፈገግ አለ።

«ምኑን?»

«ለእሁዱ ውድድር ጤነኛ ነህ ብዬ አልፈርምም። መንዳት የለብህም።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሞተ። ጣቶቹ የጀመሩትን ቁልፍ ሳይጨርሱ ቆሙ። ከመስኮቱ ሥር አንድ ሰው መኪናው አልነሳ ብሎት ደጋግሞ ይሞክራል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አይደክሜ ድምፁን ብቻ ሰምቶ «ባትሪው ነው፤ አትልፋ በሉት» ብሎ ያስቃት ነበር። ዛሬ የሰማውም አይመስልም።

«የግድግዳውን ፊደል አንብብ አልሽኝ፣ አነበብኩ። ባንድ እግርህ ቁም አልሽኝ፣ ቆምኩ። ምን ቀረኝ?»

«አንገትህ።»

«አንገቴ ደግሞ ምን ሆነ?»

እንዴት ብላ ትንገረው? ባለፈው ክረምት መኪናው ከግንብ ጋር ከተላተመ ወዲህ፣ እሷን በሚያይበት ጊዜ ጭንቅላቱን ወደ ግራ ትከሻው ዘንበል ያደርጋል። ስታወራውም እንደዚያ ነው፣ ዝም ስትልም እንደዚያ ነው። እሷ፣ ዕድሜዋን በሽተኛ ስትመረምር የኖረች ሴት፣ ያንን ማዘንበል ፍቅር ብላ ተረጎመችው። መስታወት ፊት ቆማ አንገቷን እንደሱ አዘንብላ ብቻዋን የሳቀችበት ቀን አለ። ዛሬ ግን ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ይዛ ቀና ስታደርገው፣ ቀኝ ዓይኑ ከግራው ተለይቶ ትንሽ ወደ ላይ ሲንሸራተት አየች። እሱም «አቧራ ገባብኝ» ብሎ ቶሎ ጨፈነ።

አቧራ አልነበረም። ዓይኑን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ተጎድቷል። አንገቱን ቀና ካደረገ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል። ያን ሁሉ ጊዜ ያዘነበለው ሁለት የሆነችበትን ሴት አንድ ለማድረግ ነበር።

«ሁለት ይታይሃል» አለችው። «ለምን ደበቅከኝ?»

ከአልጋው ወረደ። ጫማውን ሲፈልግ እግሩ መጀመሪያ ወለሉን ነካ፣ ከዚያ ጫማውን አገኘ። ይህንንም አየች። እያየችው እንደሆነ ስላወቀ ፊቱ ተቀየረ።

«አባትሽ ናቸው፣ አይደል?»

«አባቴን እዚህ ምን አመጣቸው?»

«ቤታችሁ ስመጣ ምን አሉኝ? ቀኑን ሙሉ ዞሮ የተነሳበት ቦታ ለሚመለስ ሰው ልጄን አልሰጥም አላሉኝም? እኔ ካላቆምኩ እሳቸው እሺ አይሉም። እሳቸው እሺ ካላሉ አንቺ ከቤት አትወጪም። ስለዚህ አስቆምሽኝ። በቃ፣ ገብቶኛል።»

«እንደሱ አይደለም! እስኪ እየኝ…»

«ዶክተር» አላት። ቃሉን እንደማያውቃት ሰው ነበር ያወጣው። «እርስዎ ሥራዎን ሠርተዋል። አመሰግናለሁ።»

እርስዎ አላት። አፉ «አንቺ» ሲላት ስሟ የሚመስላት ሰው፣ በአንድ ቃል ጠረጴዛ ማዶ አስቀመጣት። በሩንም ሳያላትም ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቢያላትመው ይሻላት ነበር።

*

አይደክሜ ያሉት የውድድሩ ሰዎች ናቸው። የሚወዳደርበት ዓይነት ሩጫ አንድ መኪና ሁለት ሦስት ሾፌር እየተፈራረቀበት ከንጋት እስከ ምሽት የሚሮጥበት ነው፤ ሰውን ጨምቆ ነው የሚተፋው። ሌላው ሾፌር ተራው አልቆ ሲወርድ ጉልበቱ እየከዳው ተደግፎ ይሄዳል። እሱ ግን ሄልሜቱን አውልቆ ላቡን በክንዱ ይጠርግና «የሚበላ ነገር አለ?» ይላል።

አባቱ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። እናቱ ቀድማ ስላረፈች፣ እሱና ታላቅ ወንድሙ ያደጉት ከአባታቸው መቀመጫ ጀርባ፣ ሻንጣ መሃል ነው። ታላቅየው የሞተሩን ድምፅ ሲያዳምጥ አድጎ መካኒክ ወጣው። ታናሽየው መንገድ መንገዱን ሲያይ አድጎ ሾፌር ሆነ። የመጀመሪያ መኪናቸውን ወንድሙ ከተገለበጠ ታክሲና ከሌላ ከተቃጠለ ታክሲ ገጣጥሞ ነበር የሠራው። በዚያች መኪና ሲወዳደሩ ተመልካቹ ሳቀባቸው። ስትጨርስ ግን የሳቀባት ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበላት።

ከዚያ ወዲህ ትልልቅ መኪኖች ነዳ፣ ትልልቅ ሜዳዎች አየ። አንደኛ ግን ሆኖ አያውቅም። ሁለተኛ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዴማ መድረሻው እየታየው ሞተሩ ጠፍቶበት፣ ወርዶ መኪናዋን እያለቀሰ ሲገፋ ሌሎቹ በጎኑ አለፉት። ያን ቀን ጋዜጠኞች ሲከቡት የሳቀውን ሳቅ ወንድሙ እስከ ዛሬ ሲያስታውሰው ያመዋል።

ሐኪሟ ያወቀችው ለአንድ ወቅት የውድድር ሜዳው ሐኪም ሆና በተመደበች ጊዜ ነው። ከፍሬኑ መርገጫ በሚወጣው ሙቀት የተቃጠለ እግሩን ይዞላት መጣ። ካልሲው ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ነበር። ቀስ እያለች እየላጠች «ሲያምህ ለምን አልቆምክም?» ብላ ተቆጣችው።

«ተራዬ አላለቀም ነበር» አላት።

መልሱ አናደዳት። ቤቷ ገብታም አልለቀቃትም። በሳምንቱ እግሩ ድኖ ሳለ እያነከሰ መጣ። እያነከሰ ያለው በደህናው እግሩ እንደሆነ ስታይ ሳቋ አመለጣት፤ ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚያ ሳቅ ነው።

*

ቅዳሜ፣ ምሳ ላይ፣ አባቷ ማንኪያቸውን አስቀምጠው አዩዋት። ጡረታ የወጡ የቀዶ ጥገና ሐኪም ናቸው። እጃቸው አሁንም እንደ ድሮው ሳይንቀጠቀጥ ጨው ይነሰንሳል።

«አልፈረምሽለትም አሉኝ» አሉ።

«ማን ነገረህ፣ አባዬ?»

«ይሰማል። ደግ አደረግሽ።»

ከስድብ ይልቅ ይህ ጎዳት። «ላንተ ብዬ አይደለም። ደስ አይበልህ።»

«ደስ አላለኝም፣ ልጄ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ያንቺን ሰውዬ ሾፌር ስለሆነ የናቅኩት ይመስልሻል። እኔ ስንቱን ከመንገድ ላይ እያመጡልኝ ሰፍቻለሁ። ከበሩ ውጪ ቆመው የሚጠብቁትን ሴቶች ፊት አንቺ አላየሽውም። እጄን ታጥቤ ወጥቼ የምነግራቸው ግን እኔ ነበርኩ። አንቺን እዚያ ቆመሽ ላይሽ አልፈልግም።»

ልትመልስላቸው አፏን ስትከፍት ስልኳ ጮኸ። የአይደክሜ ታላቅ ወንድም ነበር። ቡድኑን አሁን የሚመራው እሱ ነው፤ ሁሉም ጋሼ ይሉታል።

«ሌላ ሐኪም ፈርሞለታል» አላት። «ነገ ይነዳል። እንድታውቂው ብዬ ነው።»

«ጋሼ፣ አንተ እሺ አልክ?»

«እሺ ባልለውስ? ደግሞ እንዲህ ያለ መኪና አግኝተን አናውቅም።»

ስልኩን ስትዘጋ አባቷ የተቀመጠላትን ውሃ ወደ እሷ ጠጋ አደረጉ። ሳትጠጣው ተነሳች።

*

እሁድ፣ ሐኪሟ የውድድር ሜዳው መኪና ማቆሚያ ድረስ ሄዳ ሞተሩን ሳታጠፋ ብዙ ተቀመጠች። ሩጫው ከዚያ ርቀት ሲሰማ የንብ ቀፎ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ግን መቀመጥ አቃታት።

ጋሼ ራሱ መጥቶ አስገባት። የመኪናው መቆሚያ ቤት በጎማና በቤንዚን ሽታ ታፍኗል። ግድግዳው ላይ በተደረደሩት ቴሌቪዥኖች መኪኖቹ ውሃ እየረጩ ይከንፋሉ። የነሱ መኪና ከፊት ነበረች። ከሁሉም ፊት። በዚያ ሰዓት መሪውን የያዘው ከአይደክሜ ጋር የሚፈራረቀው ሾፌር ነው፤ ቁመቱ መኪና ውስጥ ታጥፎ ካልሆነ ስለማይገባ ሎጋው የሚሉት። የመጨረሻው ተራ የአይደክሜ ነበር።

አይደክሜ የተደራረበ ጎማ ላይ ተቀምጦ ጓንቱን ያጠልቃል። ቀና ሲል አያት። ዓይኑ ላይ የሆነ ነገር በራ፤ ወዲያው ወደ ጓንቱ ተመለሰ።

«ምን ልታ… ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«ልለምንህ።»

«እዚህ ሁሉም ሥራ ላይ ነው።»

አጠገቡ ተንበረከከች። ነጭ ሱሪዋ የወለሉን ዘይት ጠጣ። «ሁለተኛ ሁን፣ መጨረሻ ሁን፣ ግድ የለኝም። ማሸነፍህን ማን ጠየቀህ?»

«አንቺ አልጠየቅሽኝም!» ድምፁ ሲሰበር «እርስዎ»ው አብሮ ተሰበረ። «እኔ ግን አባትሽ በር ላይ ባዶ እጄን መቆም ታከተኝ። አንድ ነገር ይዤ ልምጣ። አንድ ጊዜ! ከዚያ አቁም በይኝ፣ አቆማለሁ። ባልሽ ልሆን ነው የፈለግኩት፤ በሽተኛሽ ልሆን አይደለም።»

«ከሞትክ ማንኛቸውንም አትሆንም።»

ሄልሜቱን አጠለቀና መስታወቱን ወደ ታች ሳበው። ዓይኑን ፈለገች። መስታወቱ ላይ የታያት ግን የራሷ ፊት ነው፤ ትንሽ፣ የተጣመመ፣ የሚለምን።

መኪናዋ እየጮኸች ገባች። ሎጋው ወጣ፣ እሱ ገባ፣ ጋሼ ቀበቶውን አጠበቀለት፣ ጎማ ተቀየረ፣ ነዳጅ ተሞላ። ሁሉም ነገር ዓይን እስኪርገበገብ አለቀ። መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ላይ ዝናቡ ብቻ ቀረ። ሐኪሟ ባዶውን ቦታ እያየች፣ አንድ ሰው ከውስጧ ተነስቶ የሄደ መሰላት።

*

ከቴሌቪዥኖቹ አንዱ የመኪናዋን ውስጥ ያሳያል። ሄልሜቱ ወደ ግራ ትከሻው አዘንብሏል።

«ጋሼ፣ አንገቱን እየው።»

«ደክሞት ነው። ዝናብ ነው፣ ይከብዳል።»

«አይደለም። እንደዚያ ካላደረገ መንገዱ ሁለት ይሆንበታል። ወደ ቀኝ ሲዞር መኪናው ራሱ ጭንቅላቱን ወደ ግራ ይገፋለታል፣ ደህና ነው። ወደ ግራ ሲዞር ግን ወደ ቀኝ ነው የሚገፋው። እየው! ወደ ግራ ሲዞር ብቻ እየው!»

ግራ ኩርባ መጣ። ሄልሜቱ ተገፍቶ ቀና አለ። መኪናዋ አንዴ ተንገዳገደች፤ ጎማዋ ሣሩን ነክቶ ጭቃ ረጨ፣ ተመለሰች። ሎጋው፣ ገና ሄልሜቱን በብብቱ እንደያዘ፣ «ኧረ!» አለ።

የጋሼ ዓይን ከቴሌቪዥኑ አልተነቀለም። እንደ ሎጋው አለመደንገጡን አየች።

«አውቀህ ነበር?»

«ከጠዋት ጀምሮ ሳየው ነበር» አለ፣ በሹክሹክታ። «ዝም አልኩ። አንዴ እንኳን… ለሱ ብዬ ነበር። ሕይወቱን ሙሉ የፈለገው ይሄን ነው። አሁን ውጣ ብዬ እንዴት ልጥራው?»

«እንግዲያው ለኔ ስጠኝ።»

የጆሮ ማዳመጫውን ከነማይክራፎኑ አወለቀ። ጭንቅላቷ ላይ አደረገላት። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የምትለውን ሁሉም የቡድኑ ሰዎች በየጆሯቸው እንደሚሰሙት ታውቃለች። ቢሆንም ብቻቸውን ሲሆኑ ብቻ በምትጠራው ስም ጠራችው።

«የኔ ደካማ።»

ራዲዮው በጆሮዋም በግድግዳው ድምፅ ማጉያም ተንሿሿ። ሞተሩ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ «ከራዲዮው ውረጂ።»

«አልወርድም። ስንት መንገድ ነው የሚታይህ?»

መኪናዋ ሌላ ኩርባ ገባች።

«ንገረኝ። ሐኪምህ አይደለሁም፣ እኔ ነኝ የምጠይቅህ። ስንት መንገድ?»

«ሁለት» አለ። የልጅ ድምፅ ነበር። «ግራ ኩርባ ላይ ሁለት ይሆናል። አንዱን መርጬ እገባበታለሁ። እስካሁን አልተሳሳትኩም።»

አንዱ መካኒክ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ብትሳሳትስ?»

«ያኔ አባትሽ ልክ ነበሩ ማለት ነው።»

«አባቴን ተዋቸው!» ጮኸች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ማይክራፎኑ ላይ ይንጠባጠባል። «እኔን ስማኝ። አንገትህን ስታዘነብል እኔ ፍቅር መስሎኝ ነበር። ይሄን ያህል ወር እንደ ሞኝ ደስ ሲለኝ ከረመ። እኔ ሐኪም ነኝ፤ ሰው ሁሉ ባያውቅ እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ስወድህ ታወርኩ። አሁን ብቻ ነው ማየት የጀመርኩት፤ እባክህ፣ ባየሁበት ቀን አትሙትብኝ።»

ሞተሩ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ አለ። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድባል።

«ፍቅርም ነበር» አለ።

«ምን?»

«ማዘንበሉ። ከመኪና ስወርድ ሌላውን ነገር ሁሉ ሁለት ሆኖ ይቅር ብዬ ትቼዋለሁ። ግድግዳውን፣ ሳህኑን፣ ሰዉን። አንድ ላደርግ የደከምኩት አንቺን ብቻ ነው።»

ማይክራፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። «እንግዲያው ና» አለች። ድምፅዋ አልወጣም፤ ደግማ አለችው። «ና።»

«ባዶ እጄን?»

«ባዶ እጅህን።»

ቴሌቪዥኑ ላይ መኪናዋ ወደ መቆሚያው የሚያስገባው መንገድ ጋ ደረሰች። መኪናዋ መግቢያውን አልፋ ቀጥ ብላ ሄደች።

«አይ» አለች ሐኪሟ። አንድ ሙሉ ዙር ገና ይቀረዋል፤ ግራ ኩርባዎቹ ሁሉ እንደገና ይጠብቁታል። «አይ፣ አይ፣ አይ» ትላለች፣ ለማንም አይደለም። አባቷ የነገሯት የሴቶቹ ፊት ምን እንደሚመስል አሁን አወቀችው። መስታወት አላስፈለጋትም።

የመጀመሪያው ኩርባ። ሄልሜቱ ተገፋ፣ መኪናዋ ተወዛወዘች፣ አለፈች። ሁለተኛው። ኋላዋ ተንሸራቶ ግንቡን ለጥቂት ሳተው፤ የተረጨው ውሃ ካሜራውን ሸፈነው፣ ምንም አልታይ አለ። ጋሼ ከግድግዳው ሳይዞር «ወንድሜ፣ ወንድሜ፣ ወንድሜ» ይላል። ውሃው ሲጠራ መኪናዋ አሁንም መንገዱ ላይ ነበረች። እየቀነሰች ነበር። ሌሎች መኪኖች በቀኝ በግራዋ ይከንፋሉ፤ እሷ ግን እንደ ታመመ ሰው ዳር ዳሩን ይዛ ትሄዳለች።

«ጋሼ» የሚል ድምፅ በራዲዮው መጣ። «መግቢያው ሁለት ሆኖብኛል። በየትኛው ልግባ?»

ጋሼ ዘሎ ቴሌቪዥኑ ላይ ተደፋ። የመኪናዋን አፍንጫና መግቢያውን አይቶ «በግራኛው» ብሎ ወደ ሐኪሟ ማይክራፎን ጮኸ። «የግራውን ያዝ፣ የኔ ወንድም፣ ቀስ በል፣ ቀስ፣ አዎ።»

መኪናዋ ቦታዋን አልፋ፣ ዞር ብላ ግንቡ ሥር ጠመም ብላ ቆመች።

*

ሎጋው መኪናዋን ይዞ ወጣ። ከፊት የነበረችው መኪና ከኋላ ተሰለፈች፤ ሲመሽም ውጪ ሕዝቡ ለሌሎች ሰዎች አጨበጨበ።

አይደክሜ የመቆሚያው ቤት ጥግ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሄልሜቱ በጭኑ ላይ ነው፤ ጭብጨባውን እየሰማ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ያን ያህል ዓመት ከመኪና ወርዶ «የሚበላ አለ?» ያለው ሰው፣ ዛሬ ወንድሙ ያመጣለትን ውሃ እንኳን መያዝ አቃተው። ሐኪሟ ዝቅ ብላ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ይድናል?» አላት።

ልትዋሸው ፈለገች። «አንዳንዱ ይድናል። አንዳንዱ አይድንም። አላውቅም።»

«ካልዳነ ምን እሆናለሁ? እኔ ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም። አባትሽ ሲጠይቁኝ ምንድን ነኝ እላቸዋለሁ?»

«እሱንም አላውቅም» አለችና እጁን ያዘች። ጓንቱ በላብ ርሶ ነበር። አወለቀውና ጣቶቹን በጣቶቿ መሃል አስገባ።

ከዚያ አይደክሜ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። ጭንቅላቱ እንደልማዱ ወደ ግራ ትከሻው ሊሄድ ሲል ያዘው። አንገቱን ቀና አደረገ፤ ምንም ሳይደብቅ፣ እንደታመመ፣ ቀጥ ብሎ አያት። ቀኝ ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተንሸራተተ።

«ሁለት ሆንሽ» አለ።

«እውነተኛዋ የቷ ናት?»

እጁን ወደ ፊቷ ዘረጋ። እጁ ከጉንጯ ጎን አየር ላይ ቆመ፣ ምንም አላገኘም። ወዲህ ሲመልሰው እርጥብ ቆዳዋን ነካ።

«የምታለቅሰዋ ናት ልል ነበር» አላት። «ሁለቱም ያለቅሳሉ።»